ርዕስሽን አላቃናም

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉንጭሽን እየሳምኩ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ ይብስብሻልና ሳስብሽ ነው የሰነበትኩት። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ አሁንም የወንድሜን የሌላንድን ውሻ እላዩ ላይ አስተኝተሽ ነው የምታሞቂው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽና ከአንድ ንዴት በቀር።

ባለፈው በስልክ «በእኔ የተነሳ ከአለቃሽ ጋር አትጣዪ፣ እሺ ብለሽ እደሪ» አልሽኝ። አንቺን በቃል መከራከር ስለማይሆንልኝ፣ መልሴን አሁን ልጻፍልሽ፤ እሺ አላልኩም።

ሙዚየሙ ለኤግዚቢሽኑ የሚያሳትመውን መጽሐፍ የማርመው እኔ ነኝ። በእኛ ሙያ የመጽሐፍ፣ የሥዕልና የሐውልት ርዕስ ዘመም ባለ ፊደል ይጻፋል። የአጭር ግጥምና የዘፈን ርዕስ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። ወንበርና ድስት እንዲሁ በቀጥታ ፊደል ያልፋሉ። ያንቺን የቁርጥራጭ ጨርቅ አልጋ ልብስ፣ ውኃው የተወልን ብለሽ የሰየምሽውን፣ ከሥዕሎቹ እኩል ዘመም አድርጌ አስገባሁት። እዚህ በእጄ ስጽፍልሽም ከርዕሱ ሥር ያሰመርኩት ለዚሁ ነው።

አለቃዬ ሚስተር ኤልስዎርዝ በቀይ ቀለም ሰርዞ መለሰልኝ። «ቨርና፣ ይሄ እኮ ድሪቶ ነው፤ ሰው ተኝቶበታል» አለኝ። «ሥዕሎቹ የተከበሩት ማንም ስላልተኛባቸው ነው?» አልኩት። ይባስ ብሎ የጭቃው መስመር ታጥቦ አይለቅም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጎርፉ ቤታችን ውስጥ እስከየት እንደደረሰ የሚያሳየውን መስመር፣ እማዬ። ጭቃው ከነካቸው መጋረጃችንና የአባዬ ሸሚዞች እየቆረጥሽ፣ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እንዲገጥም ስፌቱን ስንቴ እንደፈታሽው አይቻለሁ። ስትጨርሺ ስሙን ከጀርባው በክር ጻፍሽበት። ለድስት ማን ስም ያወጣል?

ኋላ ላይ ሊያስማማን ብሎ «በይ፣ በትምህርተ ጥቅስ ይሁንልሽ» አለ። የሌላው ሁሉ ዘመም ብሎ ያንቺ ብቻ በጥቅስ ሲታጠር፣ «እሷ እንዲህ ትለዋለች እንጂ እኛስ አናምንም» ያልን ነው የሚመስለው። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው ያንቺ ስም መጽሐፉ ላይ አይወጣም» አለኝ። «የኔን ሰርዘው፣ የእሷን አትንካ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ከማተሚያ ቤት የመጣውን ገጽ አየሁት። ስሜ የለም። ያንቺ ርዕስ ግን ዘመም ብሎ ኮርቶ ተቀምጧል። ከእንግዲህ ሰውየው በደግ ዓይን አያየኝም፤ ሥራዬንም ሊያሳጣኝ ይችላል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ዛሬም ቢጠይቀኝ መልሴ ያው ነው።

ለሌላንድ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ መኪናውን አሠርቶ ለመክፈቻው ቀን ያምጣሽ። ሚስቱን ኮራንና ሕፃኑን ሳሚልኝ። አክስቴ ቪኒም ጉልበቷ ከፈቀደ አብራችሁ ትምጣ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። እንግዳው ከአልጋ ልብሱ ፊት ቆሞ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ሲልሽ፣ እንደ ልማድሽ «ኧረ እንዲሁ እጄን ላፍታታ ብዬ ነው» እንዳትይ። ቀና ብለሽ ስሙን ንገሪው።

ልጅሽ ቨርና

ክሊቭላንድ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1987