ያዕቆብና ጄምስ

ውድ አባቴ ቄስ እንድሪያስ፣

ሰላምታዬ ፈረስ ቤት ድረስ ይድረስዎ። እዚህ ፍኖተ ሰላም እኔም ልጁም ደኅና ነን። እርስዎስ፣ ኩርፊያው እንዴት አድርጎዎታል? ሲወጡ ጋቢዎን ረስተዋል፤ ልጁን በእሱ እጠቀልለዋለሁ።

የዚያን ቀን ነገር ከልቤ አልወጣም። እርስዎ «ያዕቆብ ይባል፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል» አሉ። ባለቤቴ ወንዳወቅ ደግሞ ምላሱ አያርፍ፣ «መልአኩ እንግሊዝኛም አይጠፋው አባባ፤ ጄምስ ይባል» አለ። «የፈረንጅ ስም አላጠምቅም! ለክርስትናው አትጠብቁኝ» ብለው በማግስቱ ሄዱ። ማን ሊያጠምቅልኝ ነው ብዬ አለቀስሁ።

ትናንት ልጁን እያጠባሁ በስልኬ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትሁ። እርስዎ በቃልዎ የሚወጡትን የያዕቆብን መልእክት ብፈልግ አጣሁት። በቦታው ጄምስ የሚባል ተቀምጧል! ገልጬ ባነበው ያው የእርስዎ ያዕቆብ ነው፤ ምላስን ስለ መግታት የሚያስተምረው። እሱን ለወንዳወቅ ጮክ ብዬ አነበብሁለት።

እሱም አፍሮ ነገሩን ሲያጠያይቅ ዋለ። ስሙ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ላቲን ተሻግሮ ያኮቡስ ተባለ። ያ ውሎ አድሮ ያኮሙስ ሆነ፤ ፈረንሳዮች አሳጠሩት፤ እንግሊዞችም ከእነሱ ወስደው ጄምስ አሉት። የይስሐቅን ልጅ ግን ጄከብ ብለው ለብቻው ተዉት። ዮሐንስም እዚያ ጆን ነው። እርስዎም ቢሻገሩ አንድሩ ነዎት፤ አይቆጡ! አንድ ሐዋርያ ይዛችሁ ነው የተጣላችሁት።

አባዬ፣ እኔንስ እማዬ አስኩ፣ ወንዳወቅ አስካልዬ ይሉኝ የለም? እርስዎ ሲቆጡ ብቻ «አስካለ ማርያም!» ብለው በሙሉ ይጠሩኛል። ለሁሉም አቤት እላለሁ። ሐዋርያውም በየአገሩ ለጠራው ሁሉ አቤት የሚል ይመስለኛል።

ወንዳወቅ «ያዕቆብ ይሁን፤ እሳቸው ብቻ ይምጡልን» ብሏል። ልጁን ግን እስካሁን ማሙሽ ነው የምንለው። ጎረቤት ስሙን ሲጠይቀኝ «አያቱን እየጠበቀ ነው» እላለሁ።

ለአርባው ይውረዱ። ስሙን መጀመሪያ የሚሰማው ከእርስዎ አፍ ይሁን። እኔንም፣ ተቆጥተውም ቢሆን፣ በሙሉ ስሜ ይጥሩኝ፤ ናፍቆኛል።

ልጅዎ
አስካለ ማርያም