ሁለቱን ክፍል ተዪው

ጆሃንስበርግ
ጥቅምት 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለቤተል ይገዙ
ቶሮንቶ

የኔ ቤተሊ፣ እንደምን ከረምሽ? ያቺ በፎቶ ብቻ የማውቃት ዮአዳንስ ጥርስ አወጣች? እኔ ካንቺና ከልጅሽ ናፍቆት በስተቀር፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ጃካራንዳው አብቦ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ሆኗል። ትምህርት ቤት ስገባ አበባው ጫማዬ ሥር ተለጥፎ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በስልክ ድምፄን ትሰሚና "እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" ትያለሽ፤ እኔም "ምንም" እላለሁ፤ ጨዋታው እዚያው ላይ ያልቃል። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ለጥር የያዝሽልን የደሴቱ ሆቴል ፎቶ ደርሶኛል። እንዲህ ያለ ባሕር በሕይወቴ አላየሁም። ወለሉ መስታወት የሆነው፣ ውሃው ላይ የቆመው ቤት ውስጥ፣ ከሥሬ ዓሣ እየሄደ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደኝ እንጃ! ሶዌቶ ሱቅ ላላት ለሆሳዕናዋ ጽጌሬዳ ባሳያት፣ "እትዬ አለሜ፣ ደሴቱ ላይ ሰው የለም እንዴ? አንድ እንኳ አይታይም" አለችኝ።

"የሚሸጡት ጸጥታ ነው" አልኳት።

"ሃይቦ!" አለች እንደ አገሩ ሰው ተገርማ፤ "ጸጥታ ከፈለጉማ ደመወዝ ሳይወጣ እኔ ሱቅ ይምጡ፤ ደንበኛ ዝር አይልም!"

አሳቀችኝ። ከሳቅኩ ሰንብቼ ነበር።

ጥር ላይ ጋብቻችን ሠላሳ ዓመት እንደሚሞላው ካንቺ በቀር ያስታወሰ የለም። ተባረኪ። ጉዞውን፣ አሸዋው ላይ ለሁለት የሚዘረጋውን እራት፣ ፎቶ አንሺውን፣ ሁሉን አስበሽበታል፤ አንቺም ዮአዳንን ይዘሽ እዚያው ልትጠብቂን ነው። ባሕሩ ዳር ቃል ኪዳናችንን እንድናድስ ማለትሽ ግን ገረመኝ። እኛ እዚህ አገር የምናሳድሰው የመኖሪያ ፐርሚት ነው። እሱንም ተሰልፈን፣ ተገላምጠን፣ "ነገ ኑ" ተብለን። ትዳር ሲታደስ ካንቺ ሰማሁ።

አባትሽ እንደነገርኩሽ ሥራ በዝቶበት ፕሪቶሪያ ያድራል። አሁን ከሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያደርስ ፈጣን ባቡር እያለ ለምን እንደሚያድር አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አላስረዳሁሽም። ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ቁልፍ እያለው ደወል ደወለ።

"ሰው በገዛ ቤቱ ደወል ይደውላል?" አልኩት።

"እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው" አለኝ።

በዚህ ሙቀት ሹራቦቹን በሙሉ ሰብስቦ በሻንጣ ከተተ። ፎቶዎቹን አሳየሁት። ቆሞ አያቸውና "ቤተል ደክማለች፤ እስቲ እናያለን" አለ። አበሻ "እስቲ እናያለን" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንቺም አትስቺውም። ሻይ አቀረብኩለት፤ ሳይጨርሰው ሄደ።

ሰኞ ከሰዓት ደግሞ ከደሴቱ ሆቴል ስልክ ተደወለ። "ወይዘሮ ገብረሥላሴ?" ስትለኝ ነፍሷን ይማርና እናቴን የምትፈልግ መሰለኝ። ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት። የኔ ስም አለምወርቅ ገብረሥላሴ፣ የአባትሽ ይገዙ አቢሶ ሆኖ ሲያዩት ባልና ሚስት አልመሰልናቸውም፤ ለየብቻ ክፍል ያዙልን። አንቺ ተቆጥተሽ፣ በእኛ አገር ሴት ብታገባም በአባቷ ስም እንደምትቀር ያስረዳሻቸው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አሁኑኑ አንድ ክፍል ልታደርገን፣ አልጋውንም በጽጌረዳ አበባ ልታስጌጠው ነው።

እሺ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ቆዪ፣ አታስተካክዪው" የሚል ነው።

"ስህተት አይደለም እንዴ፣ እመቤቴ?" አለችኝ።

መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት።

ቤተሊ፣ ፈርቻለሁ። የፈራሁት ባሕሩን አይደለም። እውነቱን ስትሰሚ በንዴት ሁሉን ትሰርዢውና ዮአዳንን ሳላቅፋት እቀራለሁ ብዬ ነው። ዝም ብልም የባሰ ነው። እሱ ከቀረ ያንን ያጌጠ አልጋ ብቻዬን ላፈጥበት ነው። ከመጣም ላንቺ ሲል ፈገግ ብሎ ፎቶ ተነስቶ፣ ሲመሽ አጠገቤ እንደ እንግዳ ሊተኛ ነው። ሁለቱንም አልችልም። ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ይህን ግን አልችልም።

ስለዚህ ሁለቱን ክፍል እንዳለ ተዪው። በሆቴሉ ሰዎችም አትናደጂ፤ ከሁላችንም ቀድመው አወቁት። የቃል ኪዳኑን ነገር ሰርዢ። ፎቶ አንሺው ይቆይ፤ ከልጅሽ ጋር እነሳለሁ። የኔን ክፍል ካንቺ አጎራብቺልኝ።

የቀረውን አባትሽን ጠይቂው። ስልክ ያንቺን ያነሳል። በቁጣ አትጀምሪው፤ ላንቺ መጥፎ አባት ሆኖ አያውቅም። እኔ ስለ እሱ ክፉ እንድጽፍልሽ አትጠብቂ፤ ብጽፍም ማታውኑ እቀደዋለሁ። ብቻ ፕሪቶሪያ እዚያ ቤት ማን እንዳለች ብትጠይቂው መልሱን ለኔ አታምጪልኝ።

ፈጣሪ ዮአዳንን በጤና ያሳድግልሽ። ካንቺና ከባልሽ መሃል ጨዋታ አይጥፋ፤ ከኩርፊያ ዝምታ ይሰውራችሁ። አባትሽ መጣም ቀረም እኔ እመጣለሁ። አየር ማረፊያ ስትቀበይኝ ግን፣ የኔ ልጅ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው አትፈልጊ።

እናትሽ
አለምወርቅ