ክቡር ዳይሬክተር፣ ቀጠሮዎ ለሁላችንም ደርሶናል

ወዳጆቼ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በጆሯችሁ ልበላችሁ። ለሰው አትንገሩብኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ የምሠራበት ሕንፃ በሙሉ፣ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ አስቀድሞ ሰምቶታል። ጸጉሬ ጥቁር አይደለም፤ እቀባዋለሁ። ይህን ከባለቤቴ እንኳ ለዓመታት ደብቄ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የምትቀባኝ ልጅም ሱቋን ከውስጥ ቆልፋ ነው የምትቀባኝ። ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት የመቶ ሰው ስልክ በአንድ ጊዜ ጢን አለና «ማስታወሻ፦ ጸጉር መቀባት። ሥሩ ነጭ እያሳየ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ይደገማል» የሚል መልእክት ለሁሉም ደረሰ። አጻጻፉ የራሴው ነው፣ ካላንደሬ ላይ ለራሴ ያስቀመጥኩት። ከማተሚያ ክፍል አንድ ቀልደኛ ደግሞ ወዲያው «እትዬ፣ እንኳን አደረሰሽ» ብሎ መለሰልኝ፤ እሱም ለሁሉም ደረሰ።

ይህን ውለታ የዋሉልኝን ሰው ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነውና የዛሬው ገጼ የእሳቸው ነው።

ለድርጅታችን ክቡር የመረጃ ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ወንበርዎ ላይ የሚሰቀለው ኮትዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ «ሩጫ» ብለው የሚይዙት ቀጠሮ ሁልጊዜ በዋዜማው እንደሚሰረዝ መልእክቱ ለሁላችንም ስለሚደርሰን ከልብ አሳስቦን ነው።

አዳላሽ እንዳልባል አስቀድሜ ልናገር። እርስዎ ከሥራ ያገዷት የሲስተም ባለሙያ ዋርሳዬ ናት፤ የባለቤቴ ታናሽ እህት። አዎ፣ አዳላለሁ። ደግሞም አንገቷን ደፍታ የምትኖር ምስኪን ናት ብዬ አላስለቅስብዎትም፤ ስትራመድ ኮሪደሩ ይሰማታል፣ ስትመልስ ሰው ቃል ያጥረዋል፣ የቤተሰብ ራት ላይ ስለ ሰርቨር እያወራች ምግቡን የምታስቀዘቅዝብን እሷ ናት። ስንት ጊዜ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ» ብያታለሁ። እንኳን አልሰማችኝ። አሁን የሚመጣው ማክሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀምጦ ትባረር ወይስ ትመለስ የሚለውን ሊወስን ነው፤ ስለዚህ ምስጋናዬን ከዚያ በፊት በየተራው ማቅረብ ይኖርብኛል።

አንደኛ፦ የኢሜይላችንና የጋራ ሥራችን ሲስተም እንዴት እንደተሠራ እንድናውቅ ምክንያት ስለሆኑን እናመሰግናለን። እርስዎ ባያበላሹት ኖሮ እንደ ውኃ ቧንቧ ሳናስበው እንኖር ነበር። ዋርሳዬ የዘረጋችው ኦፕን ሶርስ የሚባለውን ነው፤ ማለትም ኮዱ ለማንም የተገለጠ፣ የፈለገ አንብቦ የሚመረምረው፣ የቻለ የሚያሻሽለው። ለእኔ ያስረዳችኝ በራት ጠረጴዛ ላይ በብርጭቆና በሳህን ነው። ይህ ብርጭቆ ፖስተኛው ነው አለችኝ፤ የመጣውን ኢሜይል ይቀበላል፣ የሚሄደውን ያደርሳል፣ ሌላ ነገር አይነካም። ሳህኑ መጋዘኑ ነው፤ ደብዳቤው ሁሉ በየባለቤቱ መደርደሪያ ይቀመጥበታል። የጨው ዕቃው ማን ማን እንደሆነና ማን የትኛውን በር መክፈት እንደሚችል የሚያውቀው የስም ማውጫ ነው። ካላንደሩና የጋራ ፋይሎቹ ደግሞ የራሳቸው ክፍል አላቸው፤ እኛ በየኮምፒዩተራችን የምናየው ገጽ መስኮቱ ብቻ ነው፣ መስኮት ቢሰበር ቤት አይፈርስም። «ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ከፋፈልሽው?» ብላት፣ «እቴቴ፣ ወጥ ቤቱ ሲቃጠል መኝታ ቤቱ እንዲተርፍ ነዋ» አለችኝና ፖስተኛውን አንስታ ጠጣችው።

ሁለተኛ፦ ወንበሩ ገና ሳይሞቅልዎ ሠራተኛው የትና ምን ሲሠራ እንደሚውል ከቢሮዎ ሆነው በአንድ ዓይን ለማየት ስለፈለጉ እናመሰግናለን፤ የሚያስብልን አለቃ ኖሮን አያውቅም። ዋርሳዬን ጠርተው «የሁሉንም ካላንደር ክፈቺልኝ» ሲሏት «የሰው ቀጠሮ የሰው ነው፤ የሥራውን ባለቤቱ ያጋራዎታል፣ የግሉን እኔም አላየውም» አለችዎ። አያይዛም ከሥሩ የተሰጠ ፈቃድ ወደ ቅርንጫፉ ሁሉ እንደሚወርድ፣ እዚያ ቦታ ላይ ማንም እጁን እንዳያስገባ አስጠነቀቀችዎ። እርስዎ ግን ከጀርባዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት ተማምነው ዋናውን የይለፍ ቃል በትእዛዝ ተረከቡና በገዛ እጅዎ ገቡበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ አይደል፤ ከሥሩ ጀመሩት። «የሁሉም ካላንደር ለዳይሬክተሩ ይታይ» ማለት ሲገባዎ «የሁሉም ካላንደር ለሁሉም ይታይ፣ ማስታወሻውም ለሁሉም ይድረስ» ብለው አዘዙ። ሁሉም ሲባል እርስዎም አሉበት። ሲስተሙ እንደ ዋርሳዬ አይከራከርም፤ የታዘዘውን ፈጸመ።

ሦስተኛ፦ ስለ እርስ በርሳችን ብዙ ነገር ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ የእኛን ያወጣው ካላንደር ነው። ዋና አዘጋጃችን ከምሳ በኋላ የኅትመት ግምገማ አለኝ ብሎ በሩን ሲዘጋ ለካ ካላንደሩ የሚለው «ሸለብ ማድረግ፣ ሶፋው ላይ» ነው (ይህ ደብዳቤ አንድም ቃል ሳይነካ እንዴት እንዳለፈ አሁን ገባችሁ)። የሂሳብ ክፍሉ ጎረምሳ በአንድ እሑድ ሁለት ሴቶችን ወደ ሁለት ሲኒማ ቤት ጋብዞ ነበር፤ ሁለቱም እዚሁ የሚሠሩ ናቸውና እኩል ሰሙ። እሑድ ቤቱ ዋለ።

እስከዚህ ድረስ ስቀናል። ከዚያ የፎቶ አንሺያችን ማስታወሻ ደረሰን። ከእናቷ እንኳ የደበቀችው የሆስፒታል ቀጠሮ ነበር፤ የሕክምና ክፍሉን ስም ያነበበ ሁሉ ምን እንዳገኛት ገባው። በማግስቱ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞሽ» ይላት ጀመር፤ አንዷ ብርቱካን ገዝታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችላት። ብርቱካኑን አየችው፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጠለቀችና ወጣች፤ ያን ቀን አልተመለሰችም። እናቷም የሰማችው ከእሷ አፍ ሳይሆን ከጎረቤት ነው። ክቡርነትዎ፣ የእኔን ጸጉር ትቼልዎታለሁ፤ ይህን ግን አልተውም። ይህን አንቀጽ የጻፍኩት ደግሞ ፈቃዷን ጠይቄ ነው። «እህቴ፣ ልጻፈው ወይ?» አልኳት፣ «ጻፊው» አለችኝ፣ አለቀ። ፈቃድ መጠየቅ ከዚህ የበለጠ ድካም እንደሌለው ቢያውቁት ብዬ ነው።

አራተኛ፦ ስለዚያ የማይረሳ ስብሰባ። አዳራሹ ውስጥ ሰብስበውን፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ፊትዎን አጥቁረው፣ ጥፋቱ የኦፕን ሶርስ መሆኑን አስረዱን፤ ክፍት ነገር ስለተጠቀምን ጓዳችን መከፈቱን፣ ክፍልፋዩም ከመጠን በላይ መብዛቱን፣ ከእንግዲህ ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ የሚይዝ፣ የተዘጋ፣ ቁልፉ ሻጩ ዘንድ ያለ ሲስተም እንደሚያስፈልገን ነገሩን። ስለ ባለሙያዋ ሲጠየቁም «ጉዳዩ ገና እየተጣራ ነው፣ በማንም ላይ የተወሰነ ነገር የለም» ብለው እጅዎን ደረትዎ ላይ አደረጉ። እጅዎ ከደረትዎ ሳይወርድ የመቶ ሰው ስልክ ጢን አለ። የእርስዎም።

«ማስታወሻ፦ ከአሥር ደቂቃ በኋላ። የሲስተም ባለሙያዋን የስንብት ደብዳቤ መፈረም። ቀጥሎ፦ ከአዲሱ ሲስተም ሻጭ ጋር ምሳ።»

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበረችው ዋርሳዬ ስልኳን አየች፣ መነጽሯን አስተካክላ ደግማ አየችው፣ ከዚያ ተነሥታ በሙሉ አክብሮት «ክቡር ዳይሬክተር፣ እንዳይረፍድብዎ፤ ምሳውም እንዳይቀዘቅዝ» አለችዎ። መጀመሪያ የሳቀችው በር ላይ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። በነጋታው ዋርሳዬ «የበላይ ኃላፊን በመዝለፍ» ታገደች፤ ካላንደሩን የከፈተችውም እሷ እንደሆነች ከክሱ ጋር ተጨመረላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሰው እንዳይረፍድበት ማሳሰብ ዘለፋ ከሆነ ግን አስቀድሞ ያሳሰበዎ ስልክዎ ነውና አብሮ ይታገድ።

አምስተኛውን ምስጋና መቀበል ያለባት ዋርሳዬ፣ ማቅረብ ያለብዎ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ካላንደሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ኢሜይላችንን ማንም አላየውም። ለምን ቢሉ፣ ያ የናቁት ክፍልፋይ ነው ያዳነው፤ መጋዘኑ ሌላ ግድግዳ፣ ሌላ በር፣ ሌላ ፈቃድ አለው። እንደ ምኞትዎ ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ተከምሮ ቢሆን ኖሮ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን ያን ጠዋት ከቁርሳችን ጋር እናነበው ነበር። ሊያስባርሯት የሚሯሯጡባት ሴት የሠራችው ግድግዳ፣ ክቡርነትዎ፣ ዛሬ ድረስ ተደግፈውት የቆሙት ነው።

አሁን ቁጥሩን ትቼ ወደ ትልቁ ምስጋናዬ ልምጣ። ከስብሰባው በኋላ ቢሮዎ ገብተው፣ በርዎን ዘግተው ያን ቀጠሮ አጠፉት። እኛም በሩ ሲዘጋ አይተን ምን ሊሆን ነው ስንል ስልካችን መለሰልን። ለሁሉም የተጋራ ቀጠሮ ሲጠፋ ሲስተሙ ዝም አይልም፤ ያሳደገችው ሴት ጨዋ አድርጋ ነው ያሳደገችው፣ ለተጋባዡ ሁሉ ያሳውቃል። «ተሰርዟል፦ የሲስተም ባለሙያዋን የስንብት ደብዳቤ መፈረም። የሰረዘው፦ ዳይሬክተሩ።» ደንግጠው «ልዩ ጉዳይ» በሚል ስም እንደገና አስገቡት፤ ደረሰን። እሱንም ሰረዙት፤ እሱም ደረሰን።

እንግዲህ እኛ ተራ ሠራተኞች ነን፤ አለቃ በስሙ በጽሑፍ ያሳወቀንን ከማመን በቀር ምን እናውቃለን። ስንብቱን የሰረዙት እርስዎ ነዎት፣ ያውም ሁለት ጊዜ፤ እኛም ከጥበቃው ጀምሮ እያንዳንዳችን «ተቀብያለሁ» የሚለውን ተጭነናል። ማክሰኞ ኮሚቴው ሲቀመጥ ስልካችንን ይዘን አዳራሹን ሞልተን እንጠብቅዎታለን። የጽዳት ሠራተኛዋ ትመጣለች፣ የሂሳብ ክፍሉ ጎረምሳ ከሁለቱም ሴቶች ርቆ ይቀመጣል፣ ዋና አዘጋጃችን እንቅልፉን ትቶ ይመጣል፣ ፎቶ አንሺያችንም ካሜራዋን ይዛ ፊት ለፊትዎ ትቆማለች። ማን ጠራችሁ እንዳይሉን፤ የኮሚቴውን ስብሰባ ካላንደርዎ ላይ ሲያስገቡት ግብዣው ለሁላችንም ደርሶናል።

ቂም የለኝም ብዬ አልዋሽዎትም። በሙሉ ቂምና በሙሉ አክብሮት፣ ለወንበርዎ እድሜን፣ ለእርስዎ ግን ከወንበሩ ውጭ ረጅም ዕረፍትን፣ ለቅዳሜ ሩጫዎም ቢያንስ አንድ ቅዳሜን እየተመኘሁ፣

ሁልጊዜ የሚያስታውሱኝ፣ እኔም የማልረሳዎት፣
የዚህ ገጽ ጸሐፊ፣ የዚያች ባለሙያ ዋርሳ።

ማሳሰቢያ፦ ካላንደርዎ ላይ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት «ይቅርታ መጠየቅ» የሚል ቀጠሮ ተመዝግቧል። ማን እንዳስገባው አላውቅም፤ በሩን ለሁሉም የከፈቱት እርስዎ ስለሆኑ ከመቶ ሰው አንዱ ይሆናል። ማብቂያ ቀን የለውም። በሩ እንዴት እንደሚዘጋ የሚያስረዳው መመሪያ ኢንተርኔት ላይ ለማንም የተገለጠ ነው፣ የሚጠይቀው ማንበብ ብቻ ነው፤ ካልሆነም ዋርሳዬ ቤቷ ቁጭ ብላለች፣ ስልኳን ያውቁታል። ቀጠሮውን ግን ከማጥፋትዎ በፊት ያስቡበት፤ ባጠፉት ቁጥር «ተሰርዟል፦ ይቅርታ መጠየቅ። የሰረዘው፦ ዳይሬክተሩ» የሚል ለሁላችንም ይደርሰናል። ማክሰኞ ከኮሚቴው ስንወጣ የደረሰን የትኛው እንደሆነ፣ ይቅርታው ራሱ ወይስ ስረዛው፣ ለእነዚህ ወዳጆቼ ሳልጨምር ሳልቀንስ አወራላቸዋለሁ። ለዚያ ቀን ጸጉሬን አልቀባም፤ ከሥሩ ነጭ እንደሆነ እመጣለሁ።