ለአባባ አርባ እንዳትመጣ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ ኖርቤርቶ፤

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ከርመሃል? የዱባይ ሙቀት ጋብ አለልህ? ወገብህንስ ተሻለህ? እኛ አባባ ከተቀበረ ወዲህ አለን ለማለት ያህል አለን። እናታችን ትበላለች፤ ምን እንደበላች ግን አታውቀውም። የጠፋሁብህ አኩርፌ አይደለም፤ ፖሊሶቹ ስልኬን «ለምርመራ» ብለው ወስደው አስቀሩት። ይህን የላክሁልህ በጎረቤታችን ልጅ በሬሜድዮስ እጅ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

አባባን በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው በር ላይ፣ ባጃጁ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው የገደሉት። ገበያተኛው ሁሉ ነበር፤ አየሁ የሚል ግን ጠፋ። አልፈርድባቸውም። ከመገደሉ አንድ ሳምንት በፊት አባባ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ዘጠኝ ባጃጅ ተሰርቆ አንድ ሌባ አይያዝም? ወይስ ሌባው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው?» ብሎ ሰዉን በሳቅ እንደገደለው ያልሰማ የለም። ጣቢያ በተመላለስን ቁጥር «ምርመራው ቀጥሏል፤ ምስክር ካላችሁ አምጡ» ይሉናል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ያልነገርንህ የለቅሶ ቤቱን ጉድ ነው። እናታችን እንደ ወጉ የሬሳ ሳጥኑ መስታወት ላይ ጫጩት አኑራ ነበር፤ ጥሬውን በለቀመ ቁጥር የገዳዩን ኅሊና እንዲለቅምልን። ምርመራውን የያዘው ሳጅን ቡስታማንቴ መጥቶ ካርታ ተጫወተ፤ የሩዝ ገንፎአችንንም ሁለት ሳህን በላ። ሊሰናበት ወደ ሳጥኑ ሲቀርብ ጫጩቱን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «መስታወቱን አቆሸሸባችሁ እኮ፣ እማማ» ብሎ አንስቶ መሬት አወረደው። እኔ አፌን በቆረጠው፣ «ምነው ሳጅን፣ እርስዎን ነው እንዴ የሚለቅምዎት?» አልኩት። ካርታ ተጫዋቹ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። እሱ ግን ሳቀና «አንቺስ ተጫዋች ነሽ፤ ቁርጥ አባትሽን» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን አደርገዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳ የሌለው ሞተር ሳይክል ከበራችን ማዶ ይቆማል። ማንን ልጥራ? ፖሊስ? ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ሳጅኑ ራሱ ገበያ መሀል አስቆመኝና፣ «ወንድምሽ ለአርባው ይመጣል አሉ። ቀኑን ንገሪን እንጂ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተን እንቀበለው» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም።

ወንድምዬ፣ በአባባ አፅም ይዤሃለሁ፣ አትምጣ። እናታችን ና እያለች እንደምትለምንህ አውቃለሁ። የጠረጠርኩትን አልነገርኳትም፤ ብነግራት ጣቢያው በር ላይ ሄዳ ትጮሃለች። አሠሪዬ ፈቃድ ከለከለኝ በላት። ትቀየምህ። መንደርተኛውም ለአባቱ አርባ ያልደረሰ ልጅ ብሎ ይማህ፤ ሐሜት አይገድልም። እኔ እንደሆንኩ ሰባት ዓመት ሙሉ ናፍቀኸኛል፤ አሁን ግን እንዳትመጣ እጸልያለሁ።

አያታችን ባሲልያ «ልጄ፣ አንገትህን ደፍተህ ኑር» ብላሃለች። መንትዮቹ ፌሊሳና ሲክስቶ ጉንጭህን ይስሙሃል። እናታችን በናፍቆት ሰላም ትልሃለች፤ ትናንት አልጋህን አነጠፈችልህ። የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዤ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።

እህትህ ሊዋይዋይ
ሳንታ ሊዮባ፣ ፊሊፒንስ
ኖቬምበር 14 ቀን