የ1983ቱ አውሎ ነፋስ የሚገባበትን ቦታ በትክክል የተናገሩት ወይዘሮ ዩፌሚያ ላምቤይ ዐረፉ

የፑንታ ሴካ የአውሎ ነፋስ ጥበቃ ማኅበር፣ ወይዘሮ ዩፌሚያ ላምቤይ በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ባለፈው ሐሙስ በቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱና ለመንደሩ ነዋሪዎች የሚያሳውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ከሐዘኑ ጋር አብሮ መነገር ያለበት ነገር ስላለ፣ እሱንም በዚሁ መግለጫ እናሳውቃለን።

ወይዘሮ ዩፌሚያ ዓሣ እያደረቁና የካሳቫ ቂጣ እየሸጡ አምስት ልጆች ያሳደጉ እናት ነበሩ። የአውሎ ነፋስ ወራት ሲመጣ በመረብ ማስጫው እንጨት ላይ ብጣሽ ጨርቅ አስረው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በየሰዓቱ ይጽፉ ነበር፤ የአየር ግፊቱንም በማኅበራችን በር ላይ ከተሰቀለው መለኪያ ያነቡ ነበር። የአየር ግፊቱ እየወረደ ነፋሱ አቅጣጫውን ካልለወጠ፣ አውሎ ነፋሱ የሚመጣው በቀጥታ ወደ እኛ መሆኑን ያወቁት ማንም ሳያስተምራቸው ነው።

በ1979 ለአባልነት አመለከቱ። በስብሰባው ላይ ሊቀ መንበሩ አቶ ቴዎፊሎ አርዙ፣ «እትዬ ዩፌሚያ፣ ይሄ እኮ ልብስ ማስጣት ነው!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም፣ «ሳቁ፣ ግዴለም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን እየሳቃችሁም ቢሆን ኮረብታው ላይ ውጡ» ብለው ወጡ። ቃለ ጉባኤው ማመልከቻው ውድቅ የተደረገው «በትምህርት ማነስ» ነው ይላል። እውነቱ ግን ቅናት ነው። ዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ወደሚሰቅለው የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ቀና ከማለታቸው በፊት በእሳቸው ደጅ ያልፉ ነበር።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1983 ራዲዮው አውሎ ነፋሱ ከእኛ ስድሳ ማይል በስተሰሜን የብስ እንደሚነካ ተናገረ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ዩፌሚያ ለማኅበሩ ጸሐፊ፣ ለወይዘሮ ማርሴሊና ኖልቤርቶ፣ አንድ ወረቀት ሰጡ። ወረቀቱ፣ «ነፋሱ ከትናንት ጀምሮ አልዞረም። ግፊቱ ወርዷል። የሚገባው በእኛ ወንዝ አፍ ነው፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ» ይላል። በደንባችን መሠረት ጸሐፊዋ በመዝገብ ያላሰፈሩት ትንበያ ለሊቀ መንበሩ አይቀርብም፤ ቀይ ባንዲራም አይሰቀልም። ጸሐፊዋ አላሰፈሩትም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

በአራት ሰዓት የጸሐፊዋ ባለቤት አቶ እስታኒስላዎ ከሦስት ባልንጀሮቻቸው ጋር የሎብስተር ወጥመዶቻቸውን ሊሰበስቡ አሥራ ሁለት ማይል ወደምትርቀው ደሴት ለመሄድ ተነሡ። እዚያው ሊያድሩ ነበር። እንደ ልማዳቸው በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ብቅ ብለው፣ «ራዲዮውን ተይውና፣ ዩፌሚያ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም አላለች» አሉ ጸሐፊዋ። «ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትንበያ ከእሷ የሚጠየቀው?»

«አይ አንቺ! አሁንም አለቀቀሽም?» ብለው ስቀው ሄዱ።

ግፊቱ ይበልጥ ሲወርድ ጸሐፊዋ ደነገጡ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንበያውን በራሳቸው እጅ ገልብጠው፣ የወይዘሮ ዩፌሚያን ስም ትተው፣ «የማኅበሩ ትንበያ» ብለው መዘገቡት። ባንዲራው ተሰቀለ፤ መንደሩ ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ተረፈ። አውሎ ነፋሱ በማግስቱ ንጋት ላይ በወንዛችን አፍ ገባ። ከደሴቲቱ የተመለሰ ሰው የለም። ማኅበራችን በትንበያው የምስጋና ሰሌዳ ተቀበለ፤ እስከ ዛሬም በግድግዳችን ላይ ነው።

ወይዘሮ ዩፌሚያ የዚያን ቀን ወረቀታቸው የት እንደደረሰ አንድም ቀን አልጠየቁም። ዝምታቸውንም ቀናንበት።

በ1996 አባል ሆኑ። ከዚያ በኋላ ከተናገሯቸው ዘጠኝ ትንበያዎች ስምንቱ ትክክል ነበሩ። በ2001 በሠላሳ ማይል ሲስቱ በጽሕፈት ቤታችን «እሰይ! እሳቸውም ይሳሳታሉ!» ተብሎ ዓሣ ተጠብሶ ተበላ። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ጸሐፊዋ ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ስለ አየር ጠባይ የተጻፈ መጽሐፍ ካገኙበት እየተዋሱ አንብበዋል፤ ወይዘሮ ዩፌሚያ በአንድ ብጣሽ ጨርቅ ያዩትን ግን አላዩም። ቅናቱም ከሟች ጋር አልሞተም።

ማኅበሩ ትናንት ባደረገው ስብሰባ የ1983ቱ ትንበያ የወይዘሮ ዩፌሚያ ላምቤይ መሆኑን በመዝገቡ አስፍሯል። ሰሌዳው ከግድግዳ ወርዶ ለልጃቸው ለወይዘሮ አንሴልማ ይሰጣል።

ለወይዘሮ አንሴልማ፣ ለእህት ወንድሞቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ከአቶ እስታኒስላዎ ጋር የቀሩት የሦስቱ ሰዎች ቤተሰቦች ግን ይህን የሚሰሙት ዛሬ ገና ነው፤ እነሱን «ተጽናኑ» ለማለት አፍ የለንም። ጸሐፊዋ ከቀብሩ መልስ በጽሕፈት ቤቱ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። የሚጠይቅም፣ የሚናገርም፣ ዝም ብሎ ሊያያቸው የሚፈልግም ይግባ።

ማርሴሊና ኖልቤርቶ
የማኅበሩ ጸሐፊ