አሥራ አምስት ሰው ስለያዘው «ምርጥ አምስት»

ለክቡር ሚስተር ብራድፎርድ ሌንግ
የሰሜን ሜዳ ኮሌጆች የስፖርት ኅብረት ዋና ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ስልክ የማታነሳው ጸሐፊዎ ሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ለዓይንዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ፤ በዚህ የውድድር ዘመን ጨዋታ በማየት ስላልደከመ ጥሩ ዕረፍት ላይ ያለ ይመስለኛል።

አርሊስ ትቬት እባላለሁ። እዚህ ሚኒሶታ፣ በሃልስታ ኮሌጅ አዳራሽ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሲካሄድ ከሜዳው ዳር ባለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ነጥብና ፋውል ስመዘግብ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። መዝጋቢ እንዳያጨበጭብና እንዳይጮህ ደንቡ ስለሚከለክል፣ ለሠላሳ አራት ዓመት አፌን ይዤ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን አልቻልኩም።

በቅድሚያ ማመስገን ይገባኛል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ያወጡት የዓመቱ «ምርጥ አምስት» ዝርዝር አሥራ አምስት ስም ይዟል። ሜዳ ላይ ከአንድ ቡድን ስድስተኛ ሰው ቢገባ ደወል ደውዬ ጨዋታ የማስቆመው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ግን የማንም እናት እንዳታዝን ብለው አምስትን ሦስት እጥፍ አድርገውታል። እንዲህ በሰፋው ቤት ውስጥ ማረን ኦፍተዳል ቦታ አላገኘችም።

ማረን የመጨረሻ ዓመት ተማሪያችን ናት። ደቡብ ዳኮታ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ አድርጎ ሊቀጥራትና ሁለተኛ ዲግሪዋን በነፃ ሊያስተምራት ተስማምቷል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ስሟ በእርስዎ ዝርዝር ላይ መኖር አለበት። ማስረጃ የምታስገባበት የመጨረሻ ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ካልሆነ በከተማችን የእህል ማከማቻ የጭነት መኪና ስትመዝን ትኖራለች። ሥራው ክፉ አይደለም፤ ልጅቷ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ አሰልጣኝ እሆናለሁ ስትል ሰምቻታለሁ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የእርስዎ ሰንጠረዥ የተቆጠረ ነጥብ ያውቃል፤ መገጨትን ግን አያውቅም። ማረን ተጋጣሚ ኳስ ይዛ ስትንደረደር እግሯን ተክላ መንገዷ ላይ ትቆማለች፣ ተገጭታ በጀርባዋ ትወድቃለች፣ ፋውሉ የገጪዋ ሆኖ ኳሱ ለእኛ ይሆናል። በዚህ ዓመት አርባ አራት ጊዜ እንዲህ ወድቃለች። ደንቡ ባያዝም ከመዝገቤ ዳር በእርሳስ አስፍሬዋለሁ። በየካቲት አንዷ በክርኗ አፏን መታቻትና ጥርሷ ወለቀ። ጥርሷን ከወለሉ አንስታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና «እባክዎ ይህችን ያስቀምጡልኝ፣ አሁን እመለሳለሁ» አለችኝ። ደሙ ሲቆም ተመልሳ ገብታ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ በአንድ ነጥብ አሸነፍን። የእርስዎ ሰንጠረዥ ስለዚያ ጨዋታ ከስሟ ፊት የጻፈው «ነጥብ፦ 2» የሚል ነው። ስለ አጭር አጻጻፍዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ በሎይስ ቁርስ ቤት በየጠዋቱ የሚሰበሰቡ አምስት ጡረተኞች አሉ። የበረዶ መጥረጊያው መኪና በየትኛው መንገድ ይጀምር በሚለው እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ዝርዝርዎ በወጣ ማግስት ጋዜጣው መሐላቸው ተዘርግቶ ደረስኩ።

«የብሬመር ኮሌጇን ረጅሟን ልጅ ካላስገባህ ኳስ አታውቅም ማለት ነው!»

«ረጅምነት ምን ይሠራል? የስልክ እንጨትም ረጅም ነው።»

«አንተ ደግሞ የልጅ ልጅህ እዚያ ኮሌጅ ባትማር እንዲህ ባላልክ!»

በዚህ መሐል የሰማንያ አንድ ዓመቱ ኦርቪል ሹካውን አስቀመጠና «ዝም በሉ እስቲ! ጥያቄው ከማረን ቀጥሎ ማን ይምጣ የሚል ነው» አለ። አምስቱም አንድ ላይ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። በዚያ ቤት ስምምነት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እነሱ በእንቁላልና በድንች ጥብስ የደረሱበትን ጽሕፈት ቤትዎ በሦስት ሠራተኛ አልደረሰበትም።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ በራሳችንም ተናድጃለሁና ይታገሱኝ። ዝርዝሩን የምታወጡት አሰልጣኞች የሚልኩትን ቅጽ አንብባችሁ ነው። ቅጹ «ተጫዋቿ ለምን ምርጥ እንደሆነች በአንድ ገጽ ያብራሩ» ይላል። የሌሎቹ ኮሌጆች አሰልጣኞች ገጹን ሞልተው፣ ተጨማሪ ወረቀት አያይዘው፣ ፎቶ ለጥፈው ልከዋል። የእኛው ዱዌን ክላሰን የጻፈው ይህን ነው፦ «ሥራዋን ትሠራለች። አስቸግራ አታውቅም።»

«ዱዌን፣ ይህችን ብቻ ነው የጻፍከው?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልጻፍ አርሊስ? በሰው ፊት ላሳፍራት?»

ክቡርነትዎ ከካሊፎርኒያ ከመጡ ሁለት ክረምት አልፏልና ይህን ሊያውቁ ይገባ ነበር። በዚህ አገር የራስን ወገን ማወደስ ነውር ነው። ዱዌን ሚስቱ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሞት ስትተርፍ «ትንሽ ተሽሏታል» ብሎን ኬክ መብላቱን የቀጠለ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጻፈ ስልክ ተደውሎ «ይህች ልጅ ማን ናት?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። ማንም አልደወለም። አሁን ዱዌን ልምምድ ላይ ልጅቷን ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። ስለዚህ እሱ ያልጻፈውን እኔ በአደባባይ ልጻፈው፦ ማረን ኦፍተዳል በዚህ ኅብረት ከሚጫወቱት ሁሉ ትበልጣለች። ከሁሉም። ይህን ስጽፍ ፊቴ ቀልቷል፣ ግን አልሰርዘውም።

አራተኛ፦ አቤቱታ ባቀረብኩ በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ ስለላከልኝ ፈጣን መልስ አመሰግናለሁ። «ዝርዝሩ በአሥራ አምስት ስለተወሰነ ቦታ የለም። ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን» ይላል። አምስትን አሥራ አምስት ማድረግ የቻለ ጽሕፈት ቤት አሥራ አምስትን አሥራ ስድስት ማድረግ አቃተኝ ሲል መስማት ያሳዝናል፤ ሒሳቡ የከበደው የቱ ጋ እንደሆነ ቢነገረኝ እርሳሴን ይዤ መጥቼ እረዳችሁ ነበር።

ልጅቷ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ይተዉት ሚስስ ትቬት፣ ደህና ነኝ» አለችኝ። ይህን ያለችው የዩኒቨርሲቲውን ማመልከቻ አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ እየከተተች ነው። ደህና አይደለችም። እኔም ደህና አይደለሁም።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ፣ ሊኖር የሚችለውን ኅሊናዎንና ተቀምጠውበት የማያውቁትን የአዳራሻችንን ወንበር እያከበርኩ፣ በቀረችኝ ትንሽ ትዕግሥት ስሜን ከዚህ በታች አኖራለሁ።

አርሊስ ትቬት
የሃልስታ ኮሌጅ ነጥብ መዝጋቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዝርዝርዎ አሥራ አንደኛ ሆና የተመረጠችውን የብሬመሯን ካሚል ድሬየርን እንኳን ደስ አለሽ ልላት ደውዬ ነበር። ትምህርቷን አቋርጣ አሁን በአዛውንቶች መጦሪያ ትሠራለች። «እንዴ! እኔ እኮ ኳስ ያቆምኩት ውድድሩ ሳይጀምር ነው፤ ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አልተጫወትኩም» አለችኝ። ያምናውን ዝርዝር ሲገለብጡ ስሟ አብሮ መጥቶ ኖሯል። ቦታውን ለማረን መልቀቋን የሚገልጽ ደብዳቤዋ ከነፊርማዋ ተያይዟል። ቦታ አለ፣ ክቡርነትዎ። ዛሬ ረቡዕ ነው።