በገና ጾም የደበቅኩት መርዶ

አርብ፣ ታኅሣሥ 17

ደረጀ ሞቷል። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ ያልኩት ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ስልኩ የተደወለው ረፋድ ላይ፣ ቢሮ፣ ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከወንድሜ ጋር የሚኖር ጓደኛው ነው። «እህቴ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ደግ ወሬ ይዞ አያውቅም። ሌሊት ደረቴን አለ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አለቀ። በቃ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። እሁድ እዚያው ይቀብሩታል። ስልኩን ዘጋሁና ደብዳቤውን ጨረስኩት፤ ቁጥርና ቀን ሰጥቼ ማኅተም አስመታሁበት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ? ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩና ለማልቀስ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።

ለጋሼ ታደሰ ደወልኩ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በዘመድ ውስጥ መርዶ ሲኖር ቀኑን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። አለቀሱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወሰኑ። «በጾሙ አይነገራትም። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ደም ግፊቷም አለ። ገናን ትዋል። ሐሙስ በሠላሳ፣ ጎህ ሲቀድ ሰፈርተኛውን ይዘን እንመጣለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

አፍሽን ያዢ! ለእሳቸው ምን አለባቸው፤ ከእሷ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ልጇ ደግሞ «ለገና እመጣለሁ» ብሏታል። ሰባት ዓመት ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ ዘንድሮ ቲኬት ቆርጦ ነበር። እማዬ ዘንድሮ የነቢያትን ጾም የያዘችው ለሁለት ነው፤ ለሚወለደው ጌታና ለሚመጣው ልጇ።

ማታ ስገባ «ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ዝንጅብል አፈላችልኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ደረጀ የሚደውለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ኔትወርክ የለም» አልኳት።

«የት?»

«ደቡብ አፍሪካ።»

«አገር ሙሉ?»

«አገር ሙሉ።»

ውሸት አላውቅበትም፤ ስዋሽም እንዲህ አገር የሚያህል ነው የምዋሸው።

ስትጨነቅ ቆይታ «ካዛንቺስ ውሰጂኝ» አለች። የድሮው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ አራተኛ ፎቅ። አድራሻውን ለደረጀ አሥር ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ እሷ ግን አታምንም። «እግሩ የሚያውቀው ያደገበትን ነው፤ እዚያ ሄዶ ባዶ ሜዳ ቢያገኝስ?» ትላለች። ሄድን። በእኛ በኩል በቆርቆሮ አጥረውታል። ማዶ ያሉት ገና ስላልፈረሱ እትዬ ዘነበች እዚያው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ፊት ለፊት የኖርን ጎረቤታችን። እማዬ ክንዳቸውን ይዛ «ልጄ አሮጌው ቤት ከመጣ ይዘሽልኝ ነይ፣ አደራ» አለቻቸው። «አዝዬ አመጣልሻለሁ!» አሉና ሳቁ። ምንም አያውቁም። እኔ ቆርቆሮውን አያለሁ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤልም ብርሃንም በአንድ ቀን ዋሉ። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ናቸው፤ ዛሬ ሁለተኛው ነው። ነቢያት በጨለማ ሆነው ብርሃን ላክልን ብለው የለመኑት ይታሰብበታል። ጢም ብሎ የሞላ ሕዝብ፣ እልልታ፣ ጥላ፣ ግፊያ። ሰባኪው ስለ አብሳሪው መልአክ ሰበኩ። ደግ ወሬ ለማድረስ ከሰማይ ድረስ መጣ አሉ።

እኔ ደግሞ ከሰንጋ ተራ ክፉ ወሬ ታቅፌ መጥቻለሁ፤ ከእናቴ ጎን ቆሜ ሻማ ይዤላታለሁ። ያኔ እዚያ አፈር እየመለሱበት ነበር። ሰዓቱን አውቀዋለሁ፣ ጓደኛው ነግሮኛል። ልክ በዚያ ሰዓት እማዬ እልል አለች። ገብርኤል ሆይ ይቅር በለኝ፣ ሥዕልህን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

የደረጀን ፍራሽ በረንዳ ላይ አውጥታ በዱላ ስትወግረው አቧራው ሦስተኛ ፎቅ በተሰጣ ልብስ ላይ ወረደ። ሴትዮዋ ጮኸች። እማዬ ቁልቁል «ልጄ ሊመጣ ነው፣ ለእሱ ስትይ ቻይኝ!» አለቻት። ሴትዮዋ ወዲያው «ውይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» አለች። አሁን መላ ሕንፃው አውቋል።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች «ገና ደረሰ» ይላሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቃሉ ዛሬ ከንክኖኛል። በዓሉም ገና ነው፣ ያልደረሰውም ነገር ገና ነው። «ልጅሽ መጣ?» ሲሏት «ገና ነው» ትላለች፣ ደስ ብሏት። ነቢያቱም ዕድሜያቸውን በሙሉ ገና ነው እንዳሉ አለፉ። እነሱ ግን ያልመጣውን ነው የጠበቁት። እንደማይመጣ እያወቀች፣ ከሚጠብቅ ሰው ጋር ቁጭ ያለች ነቢይ የለችም። ይሄን ጾም እንዴት እንደሚጾሙት የሚነግረኝ እፈልጋለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ እየዋሸሁ እየጾምኩ ነው» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እናትሽ እስከ ገና ደስ ብሏቸው ይሰነብታሉ። አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ አባ?»

«ነቢያት የጾሙለትን ሳያዩ ነው የሞቱት፤ ጾማቸው ግን ባዶ አልነበረም» አሉኝ።

ተናደድኩ። አልደብቅም። ለነቢያቱ ደግ ነው፣ እነሱ ባያዩትም መጣ። የእማዬስ? ይህን ሳልናገር መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ሰባት ስግደት ሰጡኝ፤ ስለ ውሸቱ አይደለም፣ «እንድታርፊ» ብለው ነው። ስግደት እንዴት ዕረፍት እንደሚሆን አልገባኝም።

ጋሼ ታደሰ ደግሞ «ለሰፈርተኛው አንቺ ንገሪ፣ ከሌላ ሰምተው ሳት ብሏቸው እንዳያወጡባት። ቀኑን በኋላ እኔ ደውዬ እነግራቸዋለሁ» ብለውኛል። የካዛንቺስ እድራችን ቢበተንም የቴሌግራም ግሩፑ አልፈረሰም። ከስታዲየም ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ በአንድ እጄ የወንበሩን ብረት ይዤ ጻፍኩላቸው። ደረጀ ማረፉን፣ ለእማዬ ከገና በፊት እንዳይነገራት። አደራ ብዬ ላክሁት። «እሺ ልጄ»፣ «እሺ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ መለሱልኝ። አንድም የጠየቀኝ የለም። አንድ ሸክም ቀለለኝ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 26

ኖላዊ። የእረኛው ሰንበት። ሰባኪው በጎቹን አንድ በአንድ ስለሚያውቅ እረኛ ሲናገሩ እማዬ ጎኔን ጎሰም አድርጋ «አየሽ? የትም ቢሄድ አይጠፋበትም» አለችኝ። ማንን ማለቷ እንደሆነ ግልጽ ነው።

እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። በቤቱ ቆሜ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ። አንተ እረኛ ከሆንክ፣ አንዱን በግ ለአሥራ ሁለት ቀን እንኳ ማቆየት ምን ያቅትህ ነበር? መጥቶ፣ አይታው፣ እዚህ እጇ ላይ ቢሞት! ከዚያ ፈራሁና ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ደግሞ ይቅርታዬን መለስ ብዬ አሰብኩበትና ከልቤ እንዳልሆነ ገባኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «እማዬ» አልኩ። «ወይ» አለች። «ጫማሽ ተፈቷል» አልኳት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ለበዓሉ የሚገዛ፦ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዶሮ (እማዬ ሁለት ይሁን ብላለች)፣ ለደረጀ ነጠላ ጫማ አርባ ሁለት ቁጥር።

ነጠላ ጫማውን ገዛሁት። ምን ላድርግ?

በረራው ነገ ማታ ነበር። «ወደ አርብ ተዛወረ፣ በዓሉን አይደርስም» አልኳት። ሐሙስ እስኪደርስ ነው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ሳቀችብኝ። «ለገና አለ፣ ለገና ይመጣል። በሌላ ይሳፈራል። ወንድምሽን አታውቂውም?» ጥርሷን ፍቃ፣ ቀሚሷን አስተኩሳ ተኛች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ እማዬ ለጸሎት ተነስታ በረንዳው ላይ ነበረች። ጩኸቷ ቀሰቀሰኝ። «አስቱ! አስቱ! ተነሺ! ሰፈርተኛው መጥቷል!» ሮጬ ወጥቼ ቁልቁል አየሁ። እትዬ ዘነበች ከፊት፣ ከኋላ ሰባት ስምንት ሰው፣ ሁሉም የድሮ የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት፤ እንዲህ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው። ጭለማው ገና ስላልለቀቀ እማዬ ጥለቱን አላየችም።

«ደረጀን ይዘውልኝ መጡ! አሮጌው ቤት ሄዶ ነው! አላልኩሽም? አላልኩሽም?» አለችና ከአራተኛ ፎቅ እልልታዋን ለቀቀችው።

መርዶ ሊያረዱ የመጡትን ሰዎች በእልልታ ተቀበለቻቸው። ታች ሆነው ቀጥ ብለው ቆሙ። እትዬ ዘነበች በኋላ «ልመለስ ነበር» አሉኝ። አልተመለሱም፤ ደረጃውን ወጡ።

እማዬ በሩን ራሷ ከፈተች። እየሳቀች አንድ በአንድ ታስገባለች፣ ከእያንዳንዱ ኋላ አንገቷን ታሰግጋለች። እትዬ ዘነበች ገቡ። ሌላው ገባ። ሌላዋ ገባች። ማንም አያናግራትም፣ ማንም ዓይኗን አያያትም። የመጨረሻው ሰው ገባና በሩን ዘጋ።

የተዘጋውን በር አየችው። «እሱስ?» አለች።

መርዶውን የተናገረ ሰው የለም፤ ቃል ሳይወጣ ነው የገባት። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት መጻፍ አልችልም።

እንደምንም ውኃ ፊቷ ላይ ረጭተን ስናስተኛት እትዬ ዘነበችን ወደ ጓዳ ጎትቼ «ምን አደረግሁዎት እትዬ? ከገና በኋላ አላልኩም?» አልኳቸው። ደነገጡ። ስልካቸውን አውጥተው «አንቺው ነሽ እንጂ፣ ይኸው» አሉ። አነበብኩት። «ለእማዬ ከገና በፊት እንድትነግሩ። አደራ።»

እንድትነግሩ። እንዳትነግሩ ለማለት ነበር። ዳ ብዬ መምታት ሲገባኝ ድ መታሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ነኝ። የሰው ደብዳቤ ላይ አንድ ነጥብ ስትሳሳት የማርፍ ሰው አይደለሁም። እነዚህ ሰዎች አደራ ስላልኳቸው ከየተበተኑበት ዳር ዳር በሌሊት ተነስተው፣ በዋዜማው መጡልኝ። ማንን ልቆጣ?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቀኑ ረቡዕ ቢሆንም ገና ስለሆነ ይበላል። ጎረቤት ሁሉ ሽንኩርት ያቁላላል። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ በር ላይ ቆማ «እንኳን አደረሳችሁ» ልትል ጀመረችና አፏን ያዘች፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ገብታ ከእማዬ ጋር ተላቀሰች። እንጀራና ወጥ ከየቤቱ መጣ፣ የነካው የለም።

ጋሼ ታደሰ «ጸሐፊ ተብለሽ ደግሞ!» ብለው ተቆጡኝ። ልክ ናቸው። እማዬ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ለመጣው ሁሉ ታለቅሳለች፣ እኔን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። የደበቅኩባት እኔ፣ ያስነገርኩባት እኔ። ሌሊት ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ሲሰማ፣ ተወለደ ሲሉ፣ ትራሷን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። እኔም አብሬ አላመሰገንኩም። ጌታ ይረዳናል ብዬ ነው፤ የተወለደው ሰው ሊሆን አይደል?

ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ወደየበዓሉ ሄደ። ሁለታችን ቀረን።

«አስቴር» አለችኝ። ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስትቆጣ ነው።

«አቤት።»

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«አርብ። በአሥራ ሰባት።»

በጣቷ ቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። አሥራ አንድ ቀን። ፈርቻለሁ። እርግማን እንኳ ቢሆን ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ።

«ከእኔ ጋር አንድ ቤት፣ ስበላ፣ ስስቅ፣ ስታዪኝ?»

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ አንቺ ልጄ» አለች፣ «ወንድምሽን መቼ አለቀስሽው?»

«ጊዜ አላገኘሁም» አልኳት።

«ነይ» አለች።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ጭኗ ላይ ወደቅኩ። ወንድሜን! አልኩ። ወንድሜን፣ ወንድሜን! መላ ሕንፃው እስኪሰማ ጮህኩ። ጀርባዬን ትመታኝ ነበር፣ እያለቀሰች፣ እንደ ሕፃን።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ቀና ስል ደንግዝግዟል፣ «እግሬን ገደልሽው» እያለች ጉልበቷን ታሻለች። ይቅር ብላኝ እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።